ሌሊቱን ማን አስገፋው?

የሐሩኪ ሙራካሚ «አፍተር ዳርክ» የተሰኘው ልቦለድ እ.ኤ.አ. በ2004 ታተመ። ታሪኩ በቶኪዮ ከተማ ለእኩለ ሌሊት 4 ደቂቃ ሲቀረው ይጀምርና ንጋት 12 ሰዓት ከ52 ላይ ያበቃል። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ብዙዎቹ ገጸ ባሕርያት ነቅተዋል፤ ንቃታቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ልዩነቱን ለመረዳት የጃፓንኛን መዝገበ ቃላት መዳሰስ ይጠቅማል።

«ዮፉካሺ» ሌሊቱን ማስገፋት ነው፤ በጊዜ አልተኛም የሚል ልጅ የሚገሠጽበት ቃል። «ቴትሱያ» ደግሞ ሌሊቱን ሳይተኙ እስከ ንጋት መዝለቅ ነው፤ ለፈተና የሚያጠናው ተማሪም ሥራ የበዛበት ጸሐፊም ይጠሩበታል። «ያኪን» ግን የሌሊት ተረኛ ሥራ ነው፤ ምርጫ ሳይሆን እንጀራ ነው።

ወጣቷ ማሪ ምግብ ቤት ተቀምጣ ወፍራም መጽሐፍ ስታነብ ሌሊቱን ታስገፋለች። የሆቴሉ ሠራተኞች በተራቸው ላይ ናቸው። ታካሃሺ ከጓደኞቹ ጋር ትሮምቦን ሲለማመድ ያነጋል። ሺራካዋ ደግሞ አንዲት ቻይናዊት በሆቴሉ ውስጥ ደብድቦ፣ ልብሷን ገፎ፣ ወደ ቢሮው ተመልሶ ከኮምፒውተሩ ፊት በእርጋታ ይሠራል። የሙዚቀኛውም የደብዳቢውም ሌሊት በአንድ ቃል ቴትሱያ ሊባል ይችላል። ቃሉ ጽናትን ይመሰክራል እንጂ «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም። የልቦለዱ ብርታት ቃሉ የሸፈነውን ገልጦ ማሳየቱ ነው፤ ትጉህ ሠራተኛ መባል ንጹሕ ሰው መሆን አይደለም።

አማርኛ በዚህ ረገድ ሌላ መንገድ አለው። «አደረ» ብቻውን ሲቆም የነቃውን ከተኛው አይለይም፤ «ሲነፋ አደረ»፣ «ሲሠራ አደረ» ተብሎ ድርጊቱ አብሮ መነገር አለበት። ስለዚህ ወደ አማርኛ የሚመልሰው ተርጓሚ ሰውየው ምን ሲያደርግ እንዳነጋ ለመናገር ይገደዳል። በአንጻሩ ዮፉካሺ ያዘለውን ቀለል ያለ ወቀሳ «አመሸች» የሚለው ቃል ብቻውን አይሸከመውም፤ የማሪ ጥፋተኛ መሰል ብቸኝነት በትርጉም ሊሳሳ ይችላል።

ሺራካዋ ሳይቀጣ ይነጋል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ፍርዱን ለአንባቢ ትቶ ማለፉ ለሥራው ታማኝ ያደርገዋል፦ ንጋት ሌሊቱን ይዘጋዋል እንጂ በሌሊቱ የተሠራውን አይሽረውም።