«መጫን» እና «ልወጣ»፦ በማስታወቂያ ውጤት መጠየቂያ ቃላት ላይ የቀረበ አጭር ትችት

የስልክ መተግበሪያ ማስታወቂያ ምን ያህል ውጤት እንዳስገኘ ማወቅ ቀድሞ ሠንጠረዥ የማንበብ ልምድ ላላቸው ባለሙያዎች የተተወ ሥራ ነበር። ዛሬ ግን ጠያቂው ጥያቄውን በተራ ቋንቋ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል ያቀርባል፤ ወኪሉም ከተሰጡት የመረጃ ማምጫ መሣሪያዎች መካከል ተስማሚውን መርጦ ቁጥሩን ያመጣል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በዚህ ሥራ ላይ የዋሉትን የአማርኛ ስያሜዎች ነው። አሳባችንም ባጭሩ ይህ ነው፦ ስያሜው ከመግለጫነት አልፎ ትእዛዝ ወደ መሆን ስለ ደረሰ፣ የቃል ብዥታ የቁጥር ስሕተትን፣ የቁጥር ስሕተትም የገንዘብ ኪሳራን ያስከትላል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ስም፣ ተግባሩን የሚያስረዳ አጭር መግለጫና የሚሞሉ ዝርዝሮች አሉት፤ ይኸውም ከመቼ እስከ መቼ፣ በየትኛው ከተማ፣ በየትኛው ማስታወቂያ የሚሉት ናቸው። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ያወጣው «ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል» የተባለ የግንኙነት ሥርዐትም የተመሠረተው በዚሁ አኳኋን ነው። ወኪሉ መሣሪያውን የሚመርጠው መግለጫውን አንብቦ ከጠያቂው ቃል ጋር በማገናዘብ ስለ ሆነ፣ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ሁለት መንገድ ይከፍትለታል።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። በምዕራብ ሐረርጌ፣ በአሰቦት፣ ባለ ጭነትንና የመኪና አሽከርካሪን የሚያገናኝ መተግበሪያ ያወጣ ነጋዴ አለ እንበል። ለማስታወቂያው 4,000 ብር ከፈለ፤ 1,000 ሰዎች ማስታወቂያውን በጣታቸው ነኩ፤ ከእነዚህ 40ዎቹ መተግበሪያውን በስልካቸው ላይ አኖሩ፤ 10ሩ ደግሞ ተመዘገቡ። እንግዲህ አንድ ንክኪ 4 ብር፣ አንድ መተግበሪያ በስልክ ላይ መኖሩ 100 ብር፣ አንድ ተመዝጋቢ 400 ብር አስወጥቶታል ማለት ነው። የሙያው ቁም ነገር እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ለያይቶ ማየት ነው።

በሥራ ላይ ያለው አማርኛ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይቀላቅላቸዋል። «ጫነ» እና «ተጫነ» በመዝገበ ቃላት ተለይተው የሚቀመጡ ግሦች ናቸው፤ የመጀመሪያው ሸክምን በአንድ ነገር ላይ ማድረግ፣ ሁለተኛው ወደ ታች መግፋት ነው። ወደ ትእዛዝ አንቀጽ ሲመጡ ግን ሁለቱም «ይጫኑ» ተብለው ይጻፋሉ። «ማስታወቂያውን ይጫኑ» ሲባል «ጫ» ጠብቆ፣ «መተግበሪያውን ይጫኑ» ሲባል ላልቶ ይነበባል። ንኡስ አንቀጹም «መጫን» እንዲሁ ነው። ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ፣ ጆሮ የሚለየውን ዐይን አይለየውም። ስለዚህ «የመጫን ብዛት» ብሎ የጻፈ ሰው 1,000 ወይም 40 የሚል መልስ ቢቀርብለት፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የአካባቢው የሥራ ቋንቋ የሆነው አፋን ኦሮሞ በቁቤ ሲጻፍ ጥብቀትን ፊደሉን በመድገም ስለሚያመለክት፣ ችግሩ የቋንቋ ሳይሆን የአጻጻፍ ጠባይ መሆኑን ልብ ይሏል።

«የመጫን» በሚለው ፈንታ «ጭነት» የሚለውን ስም የመረጡም አሉ። ጥብቀቱ ያመጣው ችግር በዚህ ይቀራል፤ ሆኖም ለአሰቦቱ ነጋዴ ሌላ ችግር ይተካበታል። «በዚህ ሳምንት በአሰቦት ስንት ጭነት ተገኘ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ስለ መኪና ጭነት ወይስ ስለ መተግበሪያው መሆኑን ማን ያውቃል? «ማውረድ» የሚለውም ከዚህ አይሻልም፤ በመኪና ተራ የወረደ ነገር ሁሉ አስቀድሞ የተጫነ ነውና፣ በስልክ ላይ ግን የሚወርደው አስቀድሞ፣ የሚጫነው በኋላ ነው።

ወደ «ልወጣ» እንለፍ። ቃሉ ማስታወቂያ ያየው ሰው ባለ ማስታወቂያው የሚፈልገውን ተግባር መፈጸሙን እንዲያመለክት የተፈጠረ ነው። አመሠራረቱ አይነቀፍም፤ ከ«መደበ» «ምደባ» እንደሚወጣ ሁሉ ከ«ለወጠ» «ልወጣ» ይወጣል። ጉድለቱ በትርጉሙ ላይ ነው። ማን ምንን ለወጠ? ገንዘብ ይለወጣል፤ የፋይል ዐይነት ይለወጣል፤ ማስታወቂያ አይቶ የተመዘገበ ሰው ግን ምንም አልለወጠም። የውጭውን ቃል መልክ ብቻ ተከትሎ የተተረጐመ ስለ ሆነ፣ የምንዛሪ መሣሪያና የማስታወቂያ መሣሪያ ጐን ለጐን የቀረቡለት ወኪል ቢሳሳት አይደንቅም።

ለእነዚህ ሁለቱ የምናቀርበው አሳብ ከዚህ የሚከተለው ነው።

ሀ) ለንክኪው «ጠቅታ»፦ በኮምፒዩተር ተጠቃሚዎች ዘንድ የተለመደ ሲሆን ከ«ጫነ» ጋር አይነካካም።

ለ) መተግበሪያን በስልክ ላይ ለማኖር «ተከላ»፦ የቧንቧ ተከላ እንደሚባለው።

ሐ) በ«ልወጣ» ፈንታ «የማስታወቂያ ፍሬ»፦ ምጣኔውም «የፍሬ ምጣኔ» ይባላል።

«ፍሬ» መቁጠሪያም ጭምር ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ «ሁለት ፍሬ ሎሚ» እንላለንና። ስለሆነም «የማስታወቂያ» የሚለው ቅጽል በመሣሪያው መግለጫ ውስጥ ሊቀር አይገባውም። ከዚህም ጋር ፍሬ የተባለው ተግባር ተከላው ወይም ምዝገባው መሆኑ በግልጽ ሊጻፍ ይገባል፤ ይህ ካልተነገረ የትኛውም ስያሜ አያድንም። በዕለታዊ ንግግር «ጫንሁት» የሚለውን ለመከልከል አንሻም፤ የምንጠይቀው ቁጥር በሚጠየቅበት ስፍራ ቃሉ እንዲለይ ነው።

ስለ «ወኪል» ያለን አስተያየት ከዚህ ይለያል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ «ወኪል» ገንዘብ የሚያስገባና የሚያወጣ ባለ ሱቅ ሆኗል፤ የአሰቦቱ ነጋዴም «ወኪሉን ጠይቅ» ቢባል ወደ ሱቁ መሄዱ ነው። ቢሆንም ቃሉን መጣል አያስፈልግም። አሰቦት ራሷ የቆመችበት፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የሐዲድ መሥመር ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። «ባቡር» የእህል መፍጫንም ይጠራ ስለ ነበር፣ ሕዝቡ ቃሉን ሳይጥል «የምድር ባቡር» ብሎ ለየው። እንዲሁ «ሰው ሠራሽ ወኪል» ቢባል መምታታቱ ይወገዳል።

ሁለቱ መፍትሔዎች የሚለዩት በዚህ ነው፦ ለ«ወኪል» ቅጽል ይበቃዋል፤ «መጫን» ግን ብዥታው ከፊደሉ የመጣ በመሆኑ ሌላ ቃል ያሻዋል። የመሣሪያ መግለጫ በአማርኛ የሚያዘጋጁ ሁሉ ጽሑፋቸውን ከማውጣታቸው በፊት ቃሉን አጥብቀውም አላልተውም ያንብቡት። ሁለት ቁጥር ከሰጠ፣ ያ ቃል ለዚያ ሥራ አይሆንም።