በእጅ ማየት

ጋሼ ከታክሲያቸው ሲወርዱ መጀመሪያ ግራ እግራቸውን ያወጣሉ። ከዚያ በሩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ቀስ እያሉ ይነሣሉ። ኦሮራ ውስጥ ሐቫና ጎዳና ላይ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶች ደጃፍ ቆሞ የሾፌሮቻችንን አወራረድ የተመለከተ ሰው ይህን አነሣስ ያውቀዋል። የዴንቨር ኤርፖርት ከመሐል ከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ወገብ የሚጎዳው ግን መንገዱ ብቻ አይደለም፤ ወረፋውም ነው። ሰው መሪ ፊት ሳይነዳ ሰዓታት ይቀመጣል።

በረዶ በጣለበት በአንዱ ሳምንት ጋሼን ኦሮራ ውስጥ ወደምትሠራ አንዲት ካይሮፕራክተር ይዣቸው ሄድኩ፤ የሄድኩት ላስተረጉምላቸው ነበር።

«ሐኪም ናት?» አሉኝ መኪና ውስጥ።

«ጀርባና መጋጠሚያ በእጇ የምታይ ናት፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ወጌሻ ናታ! ምን ታስረዝመዋለህ?»

ካይሮፕራክተሯ ግማሽ ሰዓት ያህል አልነካቻቸውም። ጠየቀቻቸው። ሲያስልዎት ይብሳል? ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅስዎታል? ሽንትዎን ይቆጣጠራሉ? ጋሼም መልሳቸውን አወረዱት፦ ጠዋት ጠዋት ይጠዘጥዘኛል፣ ብርድ ሲሆን ይቆረጥመኛል፣ ጎንበስ ስል ይወጋኛል። እኔ ሁሉንም «ያማቸዋል» ብዬ ላልፈው ነበር። እሷ ግን እያንዳንዱ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ለይቼ እንድነግራት ጠየቀችኝ። «አንዳንዴ ደግሞ ከመቀመጫዬ ተነሥቶ እስከ ባቴ ይነዝረኛል» ሲሉ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወገብ ላይ ብቻ የሚቀር ሕመምና ወደ እግር የሚነዝር ሕመም አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው የተነካ ነርቭ ሊኖር እንደሚችል ይጠቁማል። ወዲያው በተረከዛቸው አስኬደቻቸው። ጉልበታቸውን በትንሿ መዶሻ መታ አደረገች፤ የእግራቸውን አውራ ጣት ይዛ «ይግፉኝ» አለቻቸው። ኃይሉ በሁለቱም በኩል እኩል ነበር።

እጇን ልብ ብዬ ያየሁት ከዚህ በኋላ ነው። ጋሼ በሆዳቸው ተኙ። ሁለት አውራ ጣቶቿን ከአከርካሪው ግራና ቀኝ አሳርፋ 5ቱን የወገብ አጥንቶች አንድ በአንድ ወረደችባቸው። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነበር። እናቶቻችን ወሬ እያወሩ ምስር ሲለቅሙ ጠጠሩን ከዓይናቸው በፊት ጣታቸው ያገኘዋል፤ ልክ እንደዚያ ነው። አንድ ቦታ ላይ ቆመች፣ አለፈች፣ ተመለሰች። «እዚህ ጋ ነው?» አለች። ጋሼ እኔን ሳይጠብቁ በአማርኛ «እሱ ነው!» አሉ።

በጎናቸው አስተኛቻቸው። የታችኛው እግር ተዘረጋ፣ የላይኛው ጉልበት ታጠፈ፣ ትከሻቸው በዝግታ ወደ ኋላ ዞረ። ከመዳፏ ግርጌ፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለችውን ጉብ ያለች አጥንት ከወገባቸው ላይ አሳረፈች። ከዚያ ቆየች። ጀማሪውና አዋቂው የሚለዩት በዚህች ቆይታ ይመስለኛል። መጋጠሚያው ወደሚሄድበት ጥግ በዝግታ ወሰደችው፤ ሸማኔ ድሩን እንደሚወጥር ልሉን ሰበሰበች። ጋሼ ትንፋሻቸውን ሲለቁ፣ ትንፋሹ ገና ሳያልቅ፣ ገፋች። ፈጣንና አጭር ግፊት ነው፤ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ አይበልጥም። ቋ አለ። ክንዷ ብዙም አልተንቀሳቀሰም፤ የገፋችው በደረቷ ክብደት ነበር።

ብዙ ሰው ያ ድምፅ የወለቀ አጥንት ወደ ቦታው ሲገባ የሚሰማ ይመስለዋል። አይደለም። በመጋጠሚያው ውስጥ ፈሳሽ አለ፤ ሁለቱ አጥንቶች በድንገት ሲራራቁ በፈሳሹ ውስጥ የጋዝ ጉድጓድ ይፈጠራል። በ2015 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው) በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጣት ሲንቋቋ በኤምአርአይ ቀርጸው ይህንኑ አሳይተዋል። አንድ ጊዜ የተንቋቋ ጣት 20 ደቂቃ ያህል ካልቆየ ደግሞ የማይንቋቋውም ጋዙ ወደ ፈሳሹ እስኪመለስ ነው። ስለዚህ የሕክምናው መለኪያ ድምፁ አይደለም። ሳይጮህ የተሻለው ብዙ ነው።

እኔ ያደግሁበት ሰፈር አንዲት ወጌሻ ነበሩ። ታናሽ ወንድሜ ከኮክ ዛፍ ወድቆ ትከሻው ሲወልቅ ቅቤ በመዳፋቸው አሙቀው ቀቡት፤ ትከሻውን ዳበሱት፤ ከዚያ «የአባትህ ስም ማነው?» አሉት። ልጁ ስሙን ጠርቶ ሳይጨርስ ገብቷል። ጥያቄው ለምን እንደተጠየቀ የገባኝ ኦሮራ ላይ ነው፦ ጡንቻ ሲፈራ ይጠብቃል፣ ሐሳብ ሲሄድ ይላላል። አንዷ በስም ያገኙትን ሌላዋ በትንፋሽ አገኘችው። ኳስ ሜዳ ላይ ቦርሳ አንግቶ የሚሮጠውንም ወጌሻ ብለን የጠራነው፣ ሙያው ከስብራትና ከውልቃት አልፎ እጅ ለሚያውቀው ነገር ሁሉ ስም ስለሆነ ነው።

ይህን ያልኩት ወጌሻን ከጉድለቱ ለማጽዳት አይደለም። የቀርቀሃ መቃ ጠብቆ ታስሮ ደም ስለተቋረጠ እግሩን ያጣ ሰው አገራችን ውስጥ ብዙ ነው፤ የአጥንት ሐኪሞቻችን ሲጮኹበት የኖሩት ጉዳይ ነው። የካይሮፕራክተሮችም ታሪክ ንጹሕ አይደለም።

ሙያው የተጀመረው በመስከረም 1895 በአዮዋ ግዛት በዳቨንፖርት ከተማ ነው። በማግኔት አድናለሁ ይል የነበረው ዲ. ዲ. ፓልመር የአንድ ጥቁር የጽዳት ሠራተኛ፣ የሃርቪ ሊላርድን፣ የጀርባ አጥንት ገፍቼ የጠፋ የመስማት ችሎታውን መለስኩ አለ። የጆሮ ነርቭ ግን በጀርባ አያልፍም። ፓልመር ከዚያ ተነሥቶ በሽታ ሁሉ ማለት ይቻላል ከአከርካሪ የሚመጣ ነው ወደማለት ደረሰ። የሙያው ስም ከግሪክ የተወሰደ ነው፤ «በእጅ የሚሠራ» ማለት ነው። ፓልመር በ1906 ያለ ፈቃድ አክመሃል ተብሎ ታሰረ።

ዴንቨርም የዚህ ታሪክ አንዱ መድረክ ናት። ሊዮ ስፒርስ የተባለ ካይሮፕራክተር በ1943 እዚህ ትልቅ ሆስፒታል ከፈተ። ከግዛቲቱ የጤና ቦርድ ጋር በፈቃድ ተካሰሰ፤ በ1950 የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለእሱ ፈረደ። የድሆችን ልጆች በነፃ ማከሙን አደንቅለታለሁ። ካንሰርን ሳይቀር በዚሁ መንገድ እንረዳለን ማለቱን ግን በምንም መልኩ ልቀበለው አልችልም። ሆስፒታሉ በ1984 ተዘጋ። በሌላ በኩል የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ1963 ኮሚቴ አቋቁሞ ሙያውን ሊያጠፋው ተነሥቶ ነበር፤ በ1987 ዳኛ ሱዛን ጌትዘንዳነር ይህ ሕገ ወጥ ነው ብላ ፈረደች። ዛሬ የሙያው ብሔራዊ የፈተና ቦርድ ዋና መሥሪያ ቤት ከዴንቨር በስተሰሜን፣ በግሪሊ ከተማ ነው ያለው።

ታዲያ ሕክምናው ይሠራል? ለወገብ ሕመም፣ በመጠኑ፣ አዎ። በ2017 የወጣ አንድ ግምገማ አዲስ በጀመረ የወገብ ሕመም ላይ የተደረጉ 26 ሙከራዎችን አገናዝቦ ሕመሙ በ100 ነጥብ መለኪያ ላይ በ10 ነጥብ ገደማ እንደሚቀንስ አገኘ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ከመድኃኒት በፊት ከሚሞከሩት መንገዶች አንዱ አድርጎ አስቀመጠው። ሥር ለሰደደ ሕመም ደግሞ በ2019 የታየው የ47 ሙከራዎች ውጤት ከስፖርትና ከመሳሰሉት የሚመከሩ ሕክምናዎች ጋር እኩል ነው የሚል ነው። ለአስም፣ ለስኳር፣ ለደም ግፊት ግን እመኑኝ የሚላችሁን አትመኑ።

ሰው ለምን ይወደዋል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ 10 ነጥቡ ብቻ አይመስለኝም። ወገኖቻችን ከክሊኒክ ሲመለሱ የሚያነሷትን ቅሬታ ሁላችንም ሰምተናል፦ «ሳይነካኝ መድኃኒት ጻፈልኝ።» እዚህ ግን የሚያማችሁን ቦታ የሰው ጣት ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። ጋሼ ሲወጡ «አገኘችው እኮ» አሉኝ፤ «ተሻለኝ» ያሉት ከሳምንት በኋላ ነው።

የዚያችን ሴት ሙያ ከሁሉ በላይ ያየሁት በአራተኛው ቀጠሮ ነው። ጋሼ እንደልማዳቸው ሊተኙ ሲሉ አስቆመቻቸውና በተረከዝ አስኬደቻቸው። የግራ እግራቸው ጣቶች ወለሉን ጠረጉ። እኔ አላየሁም፤ እሷ አየች። አውራ ጣታቸውን ይዛ «ይግፉኝ» አለች፤ የግራው ደክሟል። አልጋውን አጠፈችው። «ዛሬ አልነካቸውም» ብላ ለሐኪም ደብዳቤ ጻፈች፤ ስልክም ደወለች። ጋሼ ቅር አላቸው። «ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ!» አሉ። ኤምአርአዩ ነርቭ የተጫነ ዲስክ አሳየ፤ ቀጠሮውም ተፋጠነ።

የሾፌር ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ወገባችሁን ሲይዛችሁ ወደ እንዲህ ዓይነት እጅ መሄድ ጥሩ ነው። ሳይጠይቅ ሳይመረምር አንገታችሁን ከሚይዝ ሰው ግን ተነሥታችሁ ውጡ፤ የአንገት ግፊት አልፎ አልፎ ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ሥር ሊሰነጥቅ ይችላል። እግራችሁ ከደከመ፣ በጭናችሁ መሐል ከደነዘዛችሁ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃታችሁ ወይም ከወገብ ሕመሙ ጋር ትኩሳት ከመጣ ወደ ወጌሻም ወደ ካይሮፕራክተርም አትሂዱ። ሌሊትም ቢሆን፣ ወረፋው ላይ አንደኛ ብትሆኑም፣ ታክሲውን ትታችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።