ዓይናቸው ስለ ተለጠጠ ድመቶች

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ በየእጅ ስልኩ ከሚዘዋወሩት የድመት ፎቶግራፎች መካከል ዓይናቸው እንደ ስኒ አፍ የሰፋ፥ አገጫቸው ተመጥጦ የጠፋ፥ ራሳቸው ከገላቸው የከበደ ድመቶች ሳታይ አትቀርም። እንዲህ ያሉ ድመቶች በዓለም የሉም። አንድ ሰው እውነተኛዪቱን ድመት ፎቶግራፍ ካነሣ በኋላ በኮምፒውተር ዓይኗን ለጥጦ፥ አፍንጫዋን አሳንሶ የሠራቸው ናቸው።

«ታዲያ በድመት ፎቶግራፍ መጫወት ምን ጉዳት አለው?» ትለኝ ይሆናል። በጨዋታው ላይ ጠብ የለኝም። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ሉዊስ ዌይን (ከ1860 እስከ 1939 በአውሮፓ አቆጣጠር) ድመቶችን ዓይናቸውን አጕልቶ፥ ልብስ አልብሶ፥ ሻይ ሲጠጡ ይሥል ነበር፤ ሥዕል መሆኑን ግን የማያውቅ አልነበረም። በአገራችንም የቀድሞ ሠዓሊዎች የቅዱሳኑን ዓይን ያጐላሉ፥ ክፉውንም ሰው በጎን አዙረው ባንድ ዓይን ይሥሉታል፤ ይህን አይቶ ይሁዳ አንድ ዓይና ነበር ያለ የለም። ፎቶግራፍ ግን «በዚያ ቆሜ ያየሁት ይህን ነው» እንደሚል ምስክር ነው፤ ምስክርም ነገሩን ለማሳመር ከጨመረበት ምስክርነቱ ቀረ።

በዚህም የተነሣ እውነተኛው ፊት ሳይቀር ሐሰት ይባላል። ታርዳር ሶስ የምትባል አሜሪካዊት ድመት፥ በኋላ «ግራምፒ ካት» ማለት አኩራፊዪቱ ድመት የተባለችው፥ ፎቶግራፏ በ2012 በኢንተርኔት ሲወጣ ብዙ ሰው በኮምፒውተር የተሠራ ነው አለ። ያ የተኮሳተረ ፊት ግን የተፈጥሮዋ ነበረ፤ ባለቤቶቿም ስትንቀሳቀስ የሚያሳይ ፊልም ማውጣት ግድ ሆነባቸው።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚከፋኝ የዓይኑ ነገር ነው። የድመት ብሌን በብርሃን እንደ ክር ይቀጥናል፥ በጨለማ ክብ ሆኖ ይሰፋል። ስትፈራም እንዲሁ ይሰፋል፤ ጆሮዋንም ወደ ኋላ ታጥፋለች። እንግዲህ በጠራራ ፀሐይ የተነሣችውን ድመት ብሌኗን ያሰፋ ሰው ያሳመራት መስሎት ድንጋጤ ሣለባት ማለት ነው። ተመልካቹም የፍርሃትን ምልክት የደም ግባት ምልክት አድርጎ ይማራል። ድመት እንደ እኛ በቃል አትናገርም፤ ቋንቋዋ ዓይኗ፥ ጆሮዋና ጅራቷ ነው፤ ይኸው ነው የሚሰረዘው።

የእንስሳት ጠባይ መርማሪው ኮንራድ ሎሬንዝ በ1943 እንደ ጻፈው፥ ትልቅ ዓይንና ክብ ራስ፥ ሞላ ያለ ጕንጭ ሕፃን ስለሚያስታውሱን አንጀታችንን ያላውሳሉ። ይህ ምኞት ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ስለ ሆነ መሣሪያውን ብቻ አልወቅስም። በ1961 በስኮትላንድ አገር በአንድ እርሻ ላይ ጆሮዋ ወደ ፊት የታጠፈ ሱዚ የተባለች ድመት ተገኘች። ፊቷ እንደ ጕጕት ክብ መስሎ ስለ ታየ ሰዎች ወደዱት፥ ዘሯንም አበዙ። ዳሩ ግን ጆሮውን የሚያጥፈው ያው የዘር ጉድለት የእግርንና የጅራትን መገጣጠሚያ ያበላሻል፤ ብዙዎቹ እያነከሱ፥ እየታመሙ ይኖራሉ፤ መዝለልም ይከብዳቸዋል። ጆሮዋንም ቀጥ አድርጋ ማቆም አትችልም። እንዲህ ያለችውን ድመት ፊቷ ክብ ስለ ሆነ ብቻ ዛሬም በውድ ዋጋ የሚገዛ አለ፤ ፎቶግራፏንም ማንም አልነካውም።