«ማለት ነው» ምን ማለት ነው?
ስለ ንግግር መሙያ ቃላትና ስለ መዝጋቢው ኃላፊነት የቀረበ ሂስ

በየስብሰባው፣ በየመድረኩና በሬዲዮ ቃለ መጠይቅ የሚሰማው አማርኛ በአንዳንድ ቃላት መደጋገም ምክንያት ለጆሮ እየከበደ መሄዱ ብዙ ጊዜ ይወሳል። «እንግዲህ»፣ «ያው»፣ «እንትን»፣ «ምናምን»፣ «በቃ»፣ «አይደል»፣ «ማለት ነው» የሚሉት የወቀሳው ዋና ዒላማዎች ናቸው። የወቃሾቹ አቋም ባጭሩ ሲቀመጥ፣ እነዚህ ቃላት ትርጉም የላቸውም፤ ትርጉም የሌለው ቃል ደግሞ የሰነፍ አንደበት ምልክት ስለሆነ ከቋንቋው ሊወገድ ይገባል የሚል ነው።

ይህ ወቀሳ ከፊል እውነት አለው። ይሁን እንጂ ልዩ ልዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ስለሚያጭቅ፣ ጥፋት የሌለበትን ሲቀጣ ዋናውን ጥፋተኛ ያሳልፈዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአንድነት የሚወገዙትን ቃላት በሥራቸው ለይቶ ማሳየት፣ ለያንዳንዱ ክፍል ስያሜ ማቅረብ፣ እንዲሁም ልዩነቱ በመዝገበ ቃላት አዘጋጁና በአስተርጓሚው ላይ የሚጥለውን ኃላፊነት ማመልከት ነው።

1. «ማለት» ከትርጓሜ ጉባኤ እስከ ስብሰባ አዳራሽ

ከሁሉ በላይ ወቀሳ ከሚበዛበት ሐረግ እንጀምር። በአገራችን የትርጓሜ ትምህርት ቤት የግእዙ ንባብ ከተነበበ በኋላ መምህሩ «ማለት ነው»፣ «ሲል ነው» እያለ ምስጢሩን ይፈታል፤ ሌላ ፍች ሲኖር «አንድም» ብሎ ይጨምራል። አንድምታ የሚለው ስያሜም የመጣው ከዚሁ ነው። እንግዲህ «ማለት ነው» በትውልዱ ሚዛን ነው። በአንድ ወገን የሚፈታው ቃል፣ በሌላው ወገን ፍቹ ይቀመጣል፤ ሐረጉ ሁለቱ እኩል መሆናቸውን ይመሰክራል። የመዝገበ ቃላት ሥራ ሁሉ የቆመው በዚህ ሚዛን ላይ ነው።

አሁን ደግሞ የዕለቱን ንግግር እናዳምጥ፤ «ትናንት ገበያ ሄድኩ ማለት ነው። ከዚያ እኅቴን አገኘኋት ማለት ነው።» እዚህ ላይ የሚፈታ ቃል የለም። ፍች ብቻውን ቀርቷል፤ ሚዛኑ አንድ ጎን ብቻ ይዟል። ሐረጉ የቀረው ሥራ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ማሳየትና አድማጩ እየተከተለ መሆኑን መጠየቅ ነው። የዚሁ ግስ ሌላ ቅርጽ የሆነው «ማለቴ» ግን ሥራውን አልተወም፤ «ሰኞ፣ ማለቴ ማክሰኞ» የሚል ሰው ስሕተቱን በአንድ ቃል አርሟል። ስለዚህ ከአንድ ሥር የወጡ ሁለት ቃላት እንኳ በአንድ ፍርድ ሊዳኙ አይችሉም።

«ማለት ነው» ከሚዛንነት ወደ ማሳረጊያነት መለወጡ የሚጎዳው የት ላይ ነው? በጨዋታ ላይ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ጆሮ ይሰለቻል እንጂ ነገር አይጠፋም። በትምህርት ክፍል ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ መምህር «ተክሎች ከፀሐይ ብርሃን ኃይል ይወስዳሉ ማለት ነው፤ በቅጠላቸው ውስጥ ምግብ ያዘጋጃሉ ማለት ነው፤ ይህ ብርሃን አስተጻምሮ ማለት ነው» ቢል፣ ተማሪው ከሦስቱ «ማለት ነው»ዎች ትርጓሜ የሚሰጠው የትኛው እንደሆነ የሚለይበት ምልክት የለውም። አዲስ የሙያ ቃል ከመጽሐፍ ወደ ተማሪ አእምሮ የሚሻገርበት ድልድይ ይኸው ሐረግ ነው። ድልድዩ በየእርምጃው ከተዘረጋ፣ ወንዙ የት እንደሆነ አይታወቅም። ሂሱ መሰንዘር ያለበት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሐረጉ አስቀያሚ ስለሆነ አይደለም።

2. ሦስቱ ክፍሎች

በአንድነት «አላስፈላጊ» የሚባሉት ቃላት ቢያንስ በሦስት ይከፈላሉ።

ሀ. ቆይታ መሙያ። «እ...»፣ «እንትን»፣ «ምን ነበር ስሙ» የሚሉት ናቸው። ተናጋሪው ቃል ሲፈልግ ተራውን ላለመልቀቅ ይጠቀምባቸዋል። ኸርበርት ክላርክና ዣን ፎክስ ትሪ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የእንግሊዝኛዎቹ «አ» እና «አም» የሚመስሉ ድምፆች እንደ ማንኛውም ቃል ሊቆጠሩ እንደሚገባ፣ አንደኛው አጭር፣ ሁለተኛው ረዘም ያለ መዘግየትን እንደሚያመለክት ተከራክረዋል። በአማርኛ «እንትን» ከዚህም አልፎ ይሄዳል። «እንትኑን አምጣልኝ» ሲባል እንደ ማንኛውም ስም መወሰኛና የተሳቢ ምልክት ይቀበላል፤ ስሙ ለጠፋ ሰው «እንትና» የሚል የራሱ ቅርጽ አለው፤ «እንትን አደረገው» ሲባል የግስን ቦታ ያስይዛል፤ ስሙን መጥራት የሚያሳፍረውንም ነገር ሸፍኖ ያሳልፋል። ሰዋስው እንዲህ የተሟላለትን ቃል «ትርጉም የለውም» ማለት የሰዋስውን ትርጉም መካድ ይሆናል።

ልማዱም አዲስ አይደለም። በጥንቱ የሙግት ሥርዓት ተሟጋቹ «በላ ልበልሃ» ብሎ ነበር የሚነሣው። ይህ ቀመር ስለ ተካሰሱበት ነገር አንዳች አይናገርም፤ ነገር ግን ተራው የማን እንደሆነ ያስታውቃል፣ ለተናጋሪውም ሐሳቡን የሚሰበስብበት ፋታ ይሰጠዋል። የዛሬው «እንትን» የዚያን ያህል ክብርና ዜማ ባይኖረውም፣ የሚሠራው ሥራ ከዚያ የራቀ አይደለም።

ለ. ግንኙነት ጠቋሚ። «እኮ»፣ «ያው»፣ «እንግዲህ»፣ «አይደል»፣ «ምን አለፋህ»፣ «እሺ» የሚሉት ናቸው። እነዚህ የሚናገሩት ስለ ነገሩ ሳይሆን ስለ ተናጋሪውና ስለ አድማጩ ነው። «መጣ» የሚለው ወሬ ነው፤ «መጣ እኮ» የሚለው ግን አድማጩ አይመጣም ብሎ ጠብቆ እንደነበረ ወይም መምጣቱን እንደዘነጋ ያሳያል። እንግዳ ከተቀመጠበት ተነሥቶ «ልሂድ» ቢል አስተናጋጁ ምን አስቀየምኩት ብሎ ይጨነቃል፤ «እንግዲህ ልሂድ» ቢል ግን ጨዋታው በወጉ እንደተፈጸመ ይታወቃል። «ምን አለፋህ» የሚለው ተራኪም የታሪኩን መካከለኛ ክፍል ዘልሎ ወደ ፍጻሜው እየገባ መሆኑን ያስታውቃል። ከነዚህ አንዱን ያወጣ አራሚ ሐሳቡን ባይነካም ሰውየውን ለውጦታል።

ሐ. ማድበስበሻ። ይህ ክፍል ከሁለቱ በባሕርዩ ይለያል። ቃላቱ ጊዜም አይሞሉም፤ ግንኙነትም አይጠቁሙም፤ የሚሠሩት ሥራ አድራጊውንና ድርጊቱን ከዓይን መሰወር ነው። ዝርዝሩ በሚቀጥለው ክፍል ይታያል።

3. ዋናው ጥፋተኛ

«መንገዱን እየጠገንን ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር 3 ቃላት አሉት፤ አድራጊው፣ ድርጊቱና ጊዜው የታወቁ ናቸው። ይኸው ነገር በመግለጫ ቋንቋ ሲነገር «መንገዱን ከመጠገን አኳያ ሰፊ ሥራ እየተሠራ ያለበት ሁኔታ ነው ያለው» ይሆናል። ቃላቱ 10 ሆነዋል። ይሁን እንጂ የተጨመረው ዕውቀት ምንድን ነው? ተመርምሮ ሲታይ ተቀንሷል እንጂ አልተጨመረም። በመጀመሪያ «እኛ» ጠፍቷል፤ ሥራው «እየተሠራ» ነው እንጂ የሚሠራው አይታወቅም። ሁለተኛ፣ ጥገናው ራሱ «ከመጠገን አኳያ» ወደሚል ጥግ ተገፍቷል፤ የተረጋገጠው መንገዱ መጠገኑ ሳይሆን ከጥገና ጋር የሚዛመድ አንድ ሥራ መኖሩ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት «ሁኔታ» ሆኗል። ሁኔታ ደግሞ አይጠየቅም፤ አይከሰስም።

እንደዚሁም «ተወያይተናል» በማለት ፈንታ «ውይይት የማድረግ ሥራ ተሠርቷል»፣ «አናውቅም» በማለት ፈንታ «መረጃው የሌለበት ሁኔታ ነው ያለው» ይባላል። አማርኛ የግሱ ቅርጽ ብቻውን አድራጊውን፣ ድርጊቱንና ጊዜውን አንድ ላይ ጠቅልሎ መያዝ የሚችል ቋንቋ ነው። ይህን ጠቅልሎ የያዘውን ፈትቶ በ«ማድረግ»፣ በ«ሥራ» እና በ«ሁኔታ» መበተን የቋንቋውን ዋና ኃይል መጣል ነው።

አስተያየት የሚገባው ሌላም ነገር አለ። «እንትን» የሚል ገበሬ በአንደበቱ ይሳቅበታል፤ «ከማድረግ አኳያ» የሚል ኃላፊ ግን የተማረ ተብሎ ይከበራል። የመጀመሪያው የጠፋበትን ቃል እየፈለገ ነው፤ ሁለተኛው ግን ያገኘውን ቃል እየሸሸ ነው። ወቀሳው እስከ ዛሬ ያነጣጠረው በአብዛኛው በፈላጊው ላይ መሆኑ የሂሳችን ዋና ነጥብ ነው።

4. የአስተርጓሚው ፈተና

ልዩነቱ የሰው መብትና ሕይወት የሚነካው በአስተርጓሚ እጅ ላይ ሲወድቅ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 የፍርድ ሂደቱ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ክርክሩ እንዲተረጐምለት የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎችም በፍርድ ቤት፣ በሐኪም ቤትና በጥገኝነት መጠይቅ ፊት በአስተርጓሚ አፍ ይናገራሉ።

አንድ ምስክር «ሦስት ሰዎች ነበሩ መሰለኝ፣ እንትን ጋ፣ ያው ከሱቁ ጎን» ቢል እንበል። አስተርጓሚው ንግግሩን ለማሳመር ብሎ «ሦስት ሰዎች ከሱቁ ጎን ነበሩ» ብሎ ቢያቀርበው፣ የተጠራጠረውን ሰው እርግጠኛ አድርጎታል። በማግሥቱ ቁጥሩ አራት መሆኑ ቢረጋገጥ ምስክሩ ዋሾ ይባላል፤ ጥርጣሬውን ግን በራሱ አንደበት ተናግሮት ነበር። በአንጻሩ «ያው» የሚለውን ቃል በቃል ወስዶ «ያ ራሱ» እያለ የሚተረጉም፣ ምስክሩን ግራ የተጋባ ሰው ያስመስለዋል። ትክክለኛው ሥራ ጠቋሚውን በሚገባበት ቋንቋ አቻ ጠቋሚ መተካት፣ የጥርጣሬን ቃል ደግሞ ፈጽሞ አለመጣል ነው።

«እሺ» ከሁሉ ይበልጥ አደገኛ ነው። ሐኪም ስለ ቀዶ ሕክምና ሲያስረዳ ታማሚው በየመካከሉ «እሺ... እሺ...» ይላል። ይህ «እየሰማሁ ነው» ማለት እንጂ «ተስማምቻለሁ» ማለት ላይሆን ይችላል። አስተርጓሚው በስምምነት ቃል ከተረጐመው ያልተሰጠ ፈቃድ ይመዘገባል። ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች አየር ወደ ውስጥ በአጭሩ በመሳብ የሚያሰሙት የማረጋገጫ ድምፅም እንዲሁ ነው። ልማዱን የማያውቅ መዝጋቢ ሰውየው እንደ ደነገጠ ይቈጥረዋል፤ ወይም «መልስ አልሰጠም» ብሎ ይጽፋል። ተናጋሪው ግን «አዎን» ብሏል።

5. ስለ ተውሶ መሙያዎች

በከተማ ንግግር «ሶ»፣ «አክችዋሊ»፣ «ኦኬ» የሚሉት ገብተዋል። የሙያ ቃልን መዋስ አዲስ ነገር ሲመጣ የሚደረግ ነው፤ መሙያ ቃል ግን የሚሰይመው አዲስ ነገር የለውም። ሆኖም ሁለት ቋንቋ በሚናገር ማኅበረሰብ ዘንድ ንግግር አያያዥ ቃላት በቀላሉ ከሚሻገሩት መካከል መሆናቸው በቋንቋዎች ንክኪ ጥናት የታወቀ ነው። ስለዚህ ነገሩን የትውልድ ውርደት አድርጎ ማየት ከሚያስረዳው ይልቅ የሚያሳስተው ይበዛል። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው፤ «ሶ» የ«እንግዲህ»ን ሥራ ሲወስድ፣ «እንግዲህ» ይዞት የነበረው የመሰናበትና የማሳረግ ወግ ወዴት ይሄዳል? ይህ በምርምር እንጂ በቍጣ አይመለስም።

6. ለመዝጋቢው የቀረበ ሐሳብ

የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ሲታተም ድምፅ መቅረጫ በየሰው ኪስ አልነበረም። ዛሬ አለ፤ የንግግር ቃላትን በተነገሩበት ቦታና ሁኔታ መሰብሰብ ይቻላል። በመሆኑም እነዚህ ቃላት በፍች ሳይሆን በሥራቸው እንዲመዘገቡ እናሳስባለን። ለምሳሌ ያህል፤

ማለት ነው (ሐረግ)፦ 1ኛ፣ የአንድን ቃል ወይም ነገር ፍች ከራሱ ጋር ያስተካክላል፤ «ግስ ማለት ድርጊትን የሚያመለክት ቃል ማለት ነው።» 2ኛ፣ ከተነገረ ነገር የሚከተለውን መደምደሚያ ያመጣል፤ «በሩ ተዘግቷል፤ ሄደዋል ማለት ነው።» 3ኛ (በንግግር)፣ የዓረፍተ ነገርን መጨረሻ ያሳያል፤ አድማጩ መከተሉን ይጠይቃል። በትምህርትና በሕግ ንግግር ከ1ኛው ጋር ስለሚደናገር አይመከርም።

በዚህ ዓይነት የተጻፈ መግቢያ ለአስተርጓሚው መሣሪያ፣ ለመምህሩ ማስጠንቀቂያ ይሆናል፤ ተናጋሪውንም አያዋርድም። «ቆይታ መሙያ»፣ «ግንኙነት ጠቋሚ» እና «ማድበስበሻ» የሚሉት ስያሜዎች በባለሙያዎች ተመርምረው ቢሻሻሉ ደስታችን ነው። ስያሜዎቹ ቢለወጡም ክፍፍሉ ግን እንዲጸና እንሻለን። የመጀመሪያውን በትዕግሥት እንስማው፤ ሁለተኛውን በጥንቃቄ እንመዝግበው፣ እንተርጕመው፤ ሦስተኛውን ባገኘንበት ሁሉ «ማን ነው የሠራው?» ብለን እንጠይቀው። መልስ የሚሰጥ ዓረፍተ ነገር ይቆይ፤ የማይሰጠው እንደገና ይጻፍ።