መንትዮች በተንሳፋፊው ካምፓስ
«ሴሚስተር አት ሲ» የሚባለው የአሜሪካውያን የባሕር ላይ ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ከ2015 ወዲህ ተማሪዎቹ የሚሳፈሩበት «ወርልድ ኦዲሲ» ቀድሞ «ዶይችላንድ» የተባለ የጀርመን የሽርሽር መርከብ ነበር። መርከቡ ባሕር ላይ ሳለ ይማራሉ፤ ወደብ ሲደርስ የክፍል ትምህርቱ ይቆምና ወደየከተማው ይበተናሉ።

እኔን የሚማርከኝ ግን መንትዮች አብረው ሲሳፈሩ ነው። አብረው ያደጉ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ብዙ ጊዜ ይለያያሉ፤ መርከቡ ለሦስት ወር ተኩል ያህል መልሶ አንድ ጣሪያ ሥር ያኖራቸዋል። (ቢኳረፉም መሸሻ የለም!) ወደብ ላይ አንዷ ገበያ፣ ሌላዋ ሙዚየም ልትሄድ ትችላለች፤ ሲገናኙ ያዩትን ይለዋወጣሉ። ለሌላ ጓደኛ ከሥር ከመሠረቱ መተረክ ያለበት ነገር ለመንታ እህት በግማሽ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። በዚህ እቀናለሁ።