የልብ ምት ሰጪ መሣሪያ ለተቀበረላቸው ሕመምተኞች ስለሚሰጠው የምክር ወረቀት የቀረበ ሒስ

ልባቸው በሚገባ መምታት አቅቶት በደረታቸው ቆዳ ሥር የምት ሰጪ መሣሪያ፣ ማለትም ፔስሜከር፣ የተቀበረላቸው ሕመምተኞች ከሆስፒታል ሲወጡ እንደ ልማዱ ሁለት ጽሑፎች ይሰጧቸዋል። አንደኛው መሣሪያውን የሠራው ኩባንያ ያሳተመው መመሪያ ነው፤ ሁለተኛው ሐኪሙ በእንግሊዝኛ የሚጽፈው የመውጫ ወረቀት ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው እነዚህን ሁለቱን ነው። የምንመዝናቸውም አዲስ አበባ ላይ በሚሰጡት ጥቅም አይደለም። ባለቤታቸው ተሸክሟቸው ነገሌ ቦረና፣ ያቤሎ ወይም ሞያሌ ከደረሰ በኋላ ምን ይረባሉ? ጥያቄያችን ይህ ነው።

መሣሪያው ራሱ ለዓለም አዲስ አይደለም። ስዊድናዊው መሐንዲስ ሩኔ ኤልምክቪስት የሠራውን ሐኪሙ ኦኬ ሴኒንግ በስቶክሆልም ከተማ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 8 ቀን 1958 ለአርኔ ላርሶን ቀበረለት። ያ የመጀመሪያው መሣሪያ ከጥቂት ሰዓቶች በላይ አላገለገለም፤ ላርሶን ግን በየጊዜው እየተለወጠለት እስከ 2001 ኖረ። በእኛም አገር በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማእከል እ.ኤ.አ. በ2009 ከተከፈተ ወዲህ ስለ ልብ ሕክምና ሲነሣ የባሕር ማዶ ጉዞ ብቻ መታሰቡ ቀርቷል። ይሁን እንጂ ከነገሌ እስከ አዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መሣሪያውን ከውጭ ሆኖ የሚያነበውና የሚያስተካክለው ማሽንም እንደየአምራቹ ይለያያል፤ ያንዱ ኩባንያ ማሽን የሌላውን መሣሪያ አያነብም። ስለዚህ በቆላው ከተማ የሚኖር ሕመምተኛ በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ያለው አማካሪ ያ ወረቀት ነው ማለት ይቻላል።

የኩባንያዎቹን መመሪያ ስናነብ በመጀመሪያ የምናየው ለማን እንደተጻፈ ነው። ስለ አውሮፕላን ማረፊያ መፈተሻ በር፣ ስለ ማይክሮዌቭ ምድጃና ስለ ጎልፍ ጨዋታ በሰፊው ይተርካል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሣሪያው ባለበት በኩል ያለውን ክንድ ከትከሻ በላይ አታንሣ የሚለው ምክር እውነተኛ ነው፤ ወደ ልብ የገባው ሽቦ ገና ሳይጸና ከቦታው ሊነቀል ይችላልና። ነገር ግን የቦረና ሰው ከጥልቁ የቱላ ጕድጓድ ውሃ ሲያወጣ፣ በደረጃ ቆሞ ባልዲውን ከራሱ በላይ ለሚቀበለው ጓደኛው ያሳልፋል። ጎልፍ ክልክል ነው የተባለ ሰው ይህ እንደሚከለከል ከየት ያውቃል?

ይህ ግን ቀላሉ ጕድለት ነው። ከባዱ ስለ ምት ብዛትና ስለ መድኀኒት የሚባለው፣ ይልቁንም የማይባለው፣ ነው። መሣሪያው ልብ እንዳይዘገይ ይጠብቃል እንጂ እንዳይፈጥን አይከለክልም። ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 60 ምት ላይ ይደረጋል፤ ልብ ከዚያ ሊወርድ ሲል መሣሪያው ይተካዋል፤ ከዚያ በላይ ልብ በራሱ ሲመታ ዝም ይላል። መሣሪያው ከመቀበሩ በፊት በደቂቃ 35 ጊዜ ይመታ የነበረ ልብ አሁን 70 ቢመታ ሕመምተኛው ልቤ ሊፈነዳ ነው ብሎ ቢሰጋ አያስገርምም። እንዲያውም ብዙዎቹ መሣሪያዎች የሰውነትን እንቅስቃሴ ስለሚያውቁ ምቱን ከርምጃ ጋር ከፍ ያደርጋሉ፤ በኮረኮንች መንገድ የሚንጥ መኪናም ይህንኑ መቍጠሪያ ሊያታልለው ይችላል። ከአዶላ ወዲያ በመኪና ውስጥ ሆኖ የደም ሥሩን የሚቈጥር መንገደኛ የሚያገኘው ቍጥር የሚያስደነግጠው በከንቱ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ጫት ምትን እንደሚያፈጥንና መሣሪያውም ይህን ሊያቆም እንደማይችል ደግሞ መመሪያው አይናገርም፤ ጫትን አያውቅምና።

እንግዲህ ወደ መድኀኒቱ እንምጣ። አንዳንዱ ሕመምተኛ ልቡ አንድ ጊዜ እጅግ ይዘገያል፣ አንድ ጊዜ እጅግ ይፈጥናል። እንዲህ ላለው ሰው ፍጥነቱን የሚያበርዱ እንደ ሜቶፕሮሎልና ቢሶፕሮሎል ያሉ መድኀኒቶች መሣሪያው ሳይገባ ቢሰጡት ልቡን ከሚገባው በላይ ሊያዘገዩት ስለሚችሉ ሐኪሙ ይፈራል። መሣሪያው ከገባ በኋላ ግን ያለ ሥጋት ያዝለታል። እዚህ ላይ ነው የመውጫው ወረቀት የሚወድቀው። የመድኀኒቱን ስምና መጠን ይጽፋል፤ ለምን ከመሣሪያው በኋላ እንደተጀመረ አይጽፍም። ነገሌ ያለው የመድኀኒት ባለሙያ «የልብ መዘግየት» የሚል የቆየ ካርድና ልብ የሚያዘገይ ክኒን ባንድነት ሲያይ፣ ተሳስተዋል ብሎ መድኀኒቱን ቢያስቆም እርሱን መውቀስ አይገባም። የተማረው ትምህርት ይህንኑ ያዝዘዋል። መድኀኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ግን የታፈነው ፍጥነት ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ሕመምተኛውም መሣሪያው ተበላሸ ብሎ ያን ሁሉ መንገድ ይጓዛል። ከምክንያቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቢጻፍ ይህ ሁሉ ይቀር ነበር።

ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውም ዋርፋሪን እንዲሁ ነው። የላይኛው የልብ ክፍል ምት የተዛባበት ሰው መሣሪያ ስለገባለት ብቻ ከደም መርጋት አይድንም፤ ስለዚህ መድኀኒቱ ከታዘዘለት ይቀጥላል፣ ደሙም በየጊዜው ይመረመራል። ዳይክሎፌናክ ለወገብ ሕመም በየክሊኒኩ የሚወጋ መርፌ ነው፤ ከዋርፋሪን ጋር ግን ደም መፍሰስን ያመጣል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ደግሞ የዋርፋሪንን ኀይል ያደክማል። የሳንባ ነቀርሳ ባልጠፋበት አገር ይህን ሳይጽፉ ዋርፋሪንን ብቻ መጻፍ ግማሽ ሥራ ነው።

የሰዓቱም ነገር አለ። ወረቀቱ «8» ብሎ በእንግሊዝኛ አቈጣጠር ሲጽፍ ጧት 2 ሰዓት ማለቱ ነው። ጧት ሊወሰድ የታሰበ የሚያሸና ክኒን በእኛ 8 ሰዓት፣ በቀትሩ ሐሩር ላይ፣ ይዋጣል። በረመዳን ወር ደግሞ ቀን መዋጥ ስለማይኖር ብዙ ሰው ክኒኑን በጠቅላላው መተው ይመርጣል። ብዙው መድኀኒት ከሐኪም ጋር ተመክሮ ወደ ማፍጠሪያና ወደ ሱሑር ሊዛወር እንደሚችል ግን ማንም አልጻፈለትም።

ሐኪሞቹ «ይህን ሁሉ በቃል እንነግራለን» ብለው ይመልሱ ይሆናል። እናምናቸዋለን። ነገር ግን የሚነገረው በመውጫው ቀን፣ ቍስሉ ገና ሳይሽር፣ አፉን በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ለፈታ ሰው ብዙ ጊዜ በአስተርጓሚ ነው። ከዚህም በላይ ወረቀቱን የሚያነበው ሕመምተኛው ብቻ አይደለም። ሁለተኛው አንባቢ፣ ምናልባትም ዋነኛው፣ በሌሊት ሕመምተኛውን የሚቀበለው የነገሌ ነርስ ወይም የጤና መኰንን ነው።

ለዚህ አንባቢ ቢጻፍ ግማሽ ገጽ ይበቃል። መሣሪያው በስንት ምት ላይ እንደተደረገ፣ የአምራቹ ስም፣ የእያንዳንዱ መድኀኒት ምክንያት፣ ያለ ሐኪም ፈቃድ የማይቋረጠው የትኛው እንደሆነ፣ ሰዓቱም በእኛ አቈጣጠር ይጻፍበት። የደም ሥር ዕረፍት ላይ ሆኖ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ እንደሚቈጠርም ይጨመርበት፤ በእጅ ላይ ያልተሰማ ደካማ ምት ቍጥሩን ከእውነቱ ያሳንሰዋልና አንድ ጊዜ ብቻ ቈጥሮ መፍረድ አይገባም። ደጋግሞ ተቈጥሮ ከተደረገለት ቍጥር በታች ከሆነ፣ በዕረፍትም ከ100 በላይ ከቆየ፣ ወይም ሰውየው ራሱን ከሳተ፣ ያን ጊዜ የሚደወልለት ሐኪም ስልክ ቍጥር በወረቀቱ ራስ ላይ በጕልህ ይጻፍ።