«የባንጆ ትምህርት» የተባለው ሥዕልና የመሣሪያው ሥር

ሥዕልን የሚመረምር ሰው አስቀድሞ የሠዓሊውን እጅ፥ ቀጥሎም ሥራው ስለ ማን እንደሚመሰክር ሊጠይቅ ይገባዋል። ጥቁሩ አሜሪካዊ ሠዓሊ ሄንሪ ኦሳዋ ታነር በ1893 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) የሣለው «የባንጆ ትምህርት» በዚህ ጥያቄ ሲመረመር ዋጋው ከፍ ብሎ ይገኛል።

ባንጆ በክብ ክፈፍ ላይ ቆዳ ተወጥሮ፥ ረዥም አንገት ተበጅቶለት በጣት የሚመታ ባለ አውታር መሣሪያ ነው። በሥዕሉ አንድ ሽማግሌ በድኻ ቤት ውስጥ ተቀምጦ፥ ሕፃኑን በጕልበቶቹ መካከል አድርጎ ያስተምረዋል። መሣሪያው ለሕፃኑ ስለሚከብደው ሽማግሌው አንገቱን በእጁ ደግፎለታል። ከአንዱ ወገን የቀን ብርሃን፥ ከሌላው የእሳት ብርሃን ያርፍባቸዋል። ሁለቱም ወደ ሥራቸው አቀርቅረዋል፤ ወደ ተመልካቹ የሚያይ የለም።

ምስጢሩም በዚህ ነው። ከ1840ዎቹ ጀምሮ ነጮች ፊታቸውን አጥቍረው፥ ባንጆ እየመቱ በጥቁሮች ላይ የሚዘብቱበት ጨዋታ በአሜሪካ ከተሞች ገንኖ ነበር። በዚያ መድረክ ጥቁር ተብሎ የሚታየው ሁሉ ወደ ተመልካቹ ዞሮ የሚያስቅ ነው። የኤጲስ ቆጶስ ልጅ የነበረው ታነር ለዚህ ፌዝ በጸጥታ መለሰ፤ ባንጆውን ከመድረክ አውርዶ ወደ ቤት፥ ከዘባች እጅ ወስዶ ወደ መምህር እጅ አገባው።

ነገር ግን ሥዕሉ የማይናገረው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሽማግሌው ራሱ ከማን ተማረ የሚለው ነው። የባንጆን አጭር አውታር የጨመረው በ1810 ገደማ የተወለደው የቨርጂንያው ነጭ ተጫዋች ጆኤል ስዊኒ ነው የሚል ወሬ ብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል። ይሁን እንጂ ስዊኒ ሳይወለድ በደቡብ ካሮላይና በተሣለ አንድ ሥዕል ላይ በባርነት የተያዘ ሰው አጭር አውታር ያለው የቅል ባንጆ ሲመታ ይታያል። ሐኪሙ ሐንስ ስሎንም በ1680ዎቹ በጃማይካ ያገኛቸውን የባሮች የቅል መሣሪያዎች ሥዕል በ1707 ባሳተመው መጽሐፍ አውጥቷል።

ሥሩ ከዚያም ይርቃል። በሴኔጋል፥ በጋምቢያና በጊኒ ቢሳው የሚኖሩ የጆላ ሰዎች አኮንቲንግ የሚባል መሣሪያ አላቸው። ሆዱ ቅል፥ ፊቱ የፍየል ቆዳ፥ አንገቱ ዘንግ፥ አውታሮቹም ሦስት ናቸው። አጭሩ አውታር በአውራ ጣት ይመታል፤ ረዥሙን ጠቋሚ ጣት በጥፍሩ ወደ ታች ይመታዋል። የቀድሞዎቹ ባንጆ መቺዎች አመታትም ይህንኑ ይመስላል። ጋምቢያዊው ዳንኤል ላኤሙዋሁማ ጃታ አኮንቲንግን በ2000 ወደ አሜሪካ ወስዶ ለባንጆ አዋቂዎች አሳይቷል።

ሆኖም አኮንቲንግ ብቻውን የባንጆ አባት ነው ማለት አይገባም። ብዙ የምዕራብ አፍሪካ ሕዝቦች የየራሳቸው ተመሳሳይ መሣሪያ ነበራቸው፤ ባርነት በካሪቢያን ደሴቶች ሲያገናኛቸው ልማዳቸው ተዋሕዶ፥ ከአውሮጳም ጠፍጣፋ አንገትና መቃኛ ተጨምሮበት ባንጆ ተወለደ። የኋለኛውን የእንጨት ክፈፍ አይቶ «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚል ቢኖር፥ አጭሩ አውታር ይመልስለታል።

እንግዲህ የታነር ሥዕል ሰሙ ሽማግሌና ሕፃን ነው፤ ወርቁ ግን ከሀገሩ ተነቅሎ የተሸጠ ሕዝብ በጣቱ ይዞት የተሻገረው ትምህርት ነው። ገዢው ሰውነቱን በገንዘብ ገዛ፤ የጣቱን ዕውቀት ግን አብሮ ሊገዛ አልቻለም። ሠዓሊው አፍሪካን በስም ባይጠራም፥ የባንጆውን አንገት የደገፈው ያ የሽማግሌ እጅ ስለ እርስዋ ይመሰክራል።